በሩ ይንኳኳል

የወቅቱ ጨዋታ ባለቀ ማግስት
ካርቶን አወረድኩኝ፣ የጫማ፣ ቁጥር ሠላሳ ስድስት፤
ክዳኑን በዳቦ ቢላ ሰንጥቄ
ከሒሳብ ማሽኑ ጎን አኖርኩት አጣብቄ።
ፓይሳንዱ ትንሽ ናት፤ ሁሉም ዳቦ ይገዛል፣
ዳቦ የሚገዛ ሁሉ አስተያየት ይዟል።
"ወላጅም፣ አሰልጣኝም፣ የልባችሁን ጻፉ፤
ስም አያስፈልግም" ይላል ካርቶኑ ባፉ።

የሊጉ ጸሐፊ የሆንኩት ተመርጬ አይደለም፤
በምርጫው ዕለት ቀርቼ ነው፤ የሌለ ሰው እምቢ አይልም።

ሰኞ ማታ ከፈትኩት።
ስልሳ አራት ወረቀት። አንዱ ላይ የማቴ ሻይ ክብ፣
አንዱ ላይ የቅቤ ጣት፣ አንዱ በአራት የታጠፈ እንደ ክታብ።

"ልጄ ሰባት ደቂቃ! በሰዓቴ ይዣለሁ።"
"ዳኛው የማን አጎት እንደሆነ አውቃለሁ።"
"ቴርሞሱን በብብቱ ይዞ ካጥር ኋላ የሚጮኸው፣
የሮሚናን አባት፣ እባካችሁ አንድ ሰው ይንገረው።"
"በስምንት ዓመት ልጅ ላይ 'ስበረው!' ይባላል?"
"የመልበሻው በር በነፋስ ይንኳኳል።"
"አሰልጣኙ ጥሩ ነው፤ የራሱን ልጅ ግን አይቀይርም።"
"በሩ ይንኳኳል።" "በሩ።" "ስለ በሩ ካምና ጀምሮ ብንናገር የሚሰማን የለም።"
በሩን ቆጠርኩት፤ ዐሥራ አንድ ጊዜ፤
የአዋቂ ሙሉ ቡድን፣ ከነትካዜ።

ከዚያ ሁለት ወረቀት፣ አንድ የእጅ ጽሑፍ፣
ሰባት ቁጥርን ወገቡ ላይ መስመር የሚያሳልፍ።
ቫልዴማር ነው። የዳቦ ዱቤውን ስንት ዓመት ፈርሞልኛል፤
እጁን አላውቅም ብል ማን ያምነኛል?
በአሰልጣኝነቱ፣ ለታናናሾቹ፦
"ወላጆች አፋቸውን ይያዙ፤ እንሥራበት፣ ተዉን።"
በአባትነቱ፣ ልጁ ከታላላቆቹ ጋር ናትና፦
"እኛ ስንናገር አሰልጣኟ ለምን ጆሮ ትነሳን?"
በአንድ ራስ ሁለት ምላስ ብዬ ልስቅ ነበር፤
ግን ሁለቱም ላይ እስክሪብቶው ወረቀቱን ቀዶታል፣
እኩል፣ እዚያው መስመር።

ከሥር፣ ከካርቶኑ ወለል፣ የዱቄት ከረጢት ቅዳጅ፤
ቅጽ ያልደረሳት ወላጅ።
"ኳስ አላውቅም። ሥራዬ ሌሊት ነው፤ ቀን እተኛለሁ፤ ሜዳ መጥቼ አላውቅም።
ልጄ ግን ጫማውን ራሱ ያጥባል፤ ጭቃ ይዞ ቤት አይገባም።
አምና እንዲህ አልነበረም።
ማን እንዳስተማረው ብጠይቀው አልነገረኝም።
ያ ሰው ማንም ይሁን ማን፣ አመስግኑልኝ።"

ጠየቅኩ። ቫልዴማር "እኔ ማጥቃት ነው የማስተምረው" አለኝ።
ኢርማ፣ የታላላቆቹ፣ ትከሻዋን ሰበቀች።
ሌሎቹ "እኔ ልሁን?" አሉ፤ ምስጋና ማን ይጠላል፤
ቧንቧው በየት በኩል ነው ስላቸው ግን ምላሳቸው ይታጠፋል።

ቧንቧው ከመልበሻው ጀርባ ነው። ቅዳሜ ሄድኩኝ፤
ጨዋታ ባይኖርም ልጆች አይቀሩም።
ዶን ኤሌውቴሪዮ ጆንያ ላይ ተንበርክኳል፤
ከጎኑ ሦስት ልጆች ሶላቸውን በሚስማር ይፍቃሉ።
"ጭቃ ሲደርቅ ድንጋይ ነው" ይላል ቀና ሳይል፣
"ድንጋይ ተሸክሞ መሮጥ የሚወድ ይተኛል።"
ሣር የሚያጭድ፣ መረብ የሚሰፋ፣ ሜዳውን በኖራ የሚያሰምር፤
ወላጅ አይደል፣ አሰልጣኝ አይደል፣ ከሁለቱም የማይቆጠር።
በወጣትነቱ በረኛ ነበር ይላሉ፤
ዛሬም በረኛ ነው፤ ቁልፎቹ ወገቡ ላይ ይንሿሿሉ።

ቅጽ ሰጠሁት፣ ከነእስክሪብቶው።
"ለከርሞ ምን ይስተካከል?" የሚለውን ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ አነበበው፤
ለሁለት፣ ለአራት፣ ለስምንት አጠፈው፤
ተነሥቶ ከበሩና ከመቃኑ መሃል ሸጎጠው።
ከወንዙ ነፋስ መጣ።
በሩ ቃል አልተነፈሰም።
እስክሪብቶዬን መለሰልኝ፤ ክዳኑን እንኳ አልነቀለም።

ማክሰኞ ለኮሚቴው ሪፖርት አቀርባለሁ።
ስልሳ አምስተኛው ቅጽ የት ነው ቢሉኝ
"ሥራ ላይ ነው" እላለሁ።